ከዓይን ያለፈው ቆጠራ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ግንደወይን ትገኛለች፤ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ አገር ትራኮማ ያሠቃያቸው እናቶች ዓይናቸውን የሚወጋውን ሽፋሽፍት በወረንጦ ሲነቅሉ ኖረዋል። ነቅለው ሳይጨርሱ ይበቅላል።

በ1998 ዓ.ም. የወረዳው 48 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተለዩ። 36ቱ ለትራኮማ በልገሳ የመጣውን አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ወዲያው ጀመሩ፤ 12ቱ ከዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ቆጣሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሞቱ ልጆችንም መዘገቡ።

የዓይን መድኃኒት ነፍስ አተረፈ! ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ 1,000 ልጆች፣ ካልወሰዱት መንደሮች በዓመት 8.3፣ ከወሰዱት 4.1 ሞቱ። ይህን የነገረን የሐኪም ቤት መዝገብ አይደለም፤ የየደጃፉ ቆጠራ ነው።

መድኃኒቱ የልጆችን ሞት ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከጎንቻ ተነሥቶ ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ደረሰ። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የጥናት ውጤት መድኃኒቱን በወሰዱት የሦስቱ አገሮች መንደሮች የሕፃናት ሞት በድምሩ በ13.5 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ትልቁ ለውጥ የታየው በኒጀር ነበር።