ላሚቱ ከግቢዋ ሳትወጣ

በልጅነቴ ቤታችን አንድ ክብ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነበረ። ክዳኑ ላይ የዴንማርክ የቅቤ ብስኩት ተስሏል፤ ሲከፈት ግን ያለው ክር፣ መርፌና የተበጠሰ ቁልፍ ነው። ብስኩቱን ማን እንደበላው የሚያስታውስ የለም። በእሱ ምክንያት ይሁን እንጃ፣ ስለዚያች አገር ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቅቤው ነው። (ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1864 ዴንማርክ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተሸንፋ ሽሌስቪግንና ሆልሽታይንን ስታጣ ከግዛቷ ከሲሶ የሚበልጠው አብሮ ሄደ። የድንጋይ ከሰል የላት፣ የብረት ማዕድን የላት፤ የምትኖረው እህል ለውጭ እየሸጠች ነበር። በ1870ዎቹ ደግሞ ባቡርና የእንፋሎት መርከብ የአሜሪካንና የሩሲያን እህል አምጥተው አውሮፓ ላይ ዘረገፉት። ዋጋ ወደቀ። ጀርመን በ1879 ገበሬዎቿን ለመጠበቅ ቀረጥ ጣለች፤ ፈረንሳይም ተከተለች። ዴንማርክ ግን በሯን ክፍት ተወችው። ያን ርካሽ እህል እየገዛች ለላምና ለአሳማ አበላችው፤ ለእንግሊዝም ቅቤና የአሳማ ሥጋ ትሸጥ ጀመር።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቅቤ ግን እንደ ስንዴ አይደለም። መርካቶ ቅቤ የሚገዙ እናቶችን ያየ ያውቃል፤ በጣት ጫፍ ቆንጥረው፣ አሽትተው፣ ፊታቸውን አጨማደው ነው ዋጋ የሚጠሩት። የእንግሊዝ ነጋዴም እንዲሁ ነበር። ብዙ ላሞችና የራሳቸው ወተት ቤት ያላቸው የዴንማርክ ባለርስቶች ቅቤያቸው ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ሦስትና አራት ላም ያለው ገበሬ በየጓዳው የናጠው ግን አንዱ ጨው የበዛበት፣ አንዱ የሻገተ፣ እየተደባለቀ በርካሽ ይሸጣል።

በ1878 ክሬሙን ከወተት እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ ወጣ። ለአንድ ገበሬ ውድ ነው፤ ለአንድ ቀበሌ ግን አይደለም። በ1882 በምዕራብ ዩትላንድ፣ ዬዲንግ በምትባል መንደር፣ ገበሬዎች ተሰብስበው የጋራ ወተት ቤት ከፈቱ። ደንባቸው አጭር ነበር፤ ለቤቱ ፍጆታ ከሚያስቀረው በስተቀር አባሉ ወተቱን ሁሉ ያስገባል፣ ትርፉ ባስገባው ወተት መጠን ይከፈለዋል፣ ክሬሙ የወጣለት ወተት ለአሳማው ይመለስለታል፣ ዕዳ ቢመጣ በአንድነት ይጠየቃሉ። በእንዲህ ያሉ ማኅበራት ድምፅ የሚቆጠረው በሰው እንጂ በላም ብዛት አልነበረም። ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ወተት ቤቶቹ በመቶዎች ተቆጠሩ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ቆም የምለው። «ኅብረት ሥራ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ጥሩ ጠረን የለውም። በደርግ ዘመን የአምራቾች ማኅበር ሲቋቋም መሬትም በሬም ወደ አንድ እንደተነዳ ሲነገረን ነው ያደግነው። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ማኅበሩን በጥቂት ወራት ውስጥ በተነው። የዴንማርኩ ገበሬ የደባለቀው ወተቱን ብቻ ነው። ላሚቱ በግቢው፣ በእጁ ቀረች። ማን ጠዋት ተነስቶ እንደሚያልባት አላከራከረም።

በእርግጥ ሁሉም ከዚያ መንደር አልተፈለሰፈም። ጥሩ ቅቤ እንዴት እንደሚወጣ ባለርስቶቹ ቀድመው አሳይተዋል። ከ1844 ጀምሮም በግሩንትቪ ሐሳብ የተከፈቱት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የገበሬ ልጆችን በክረምት ያስተምሩ ነበር፤ እርስ በርስ መተማመን ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ እኔ እነሱን ነው የምጠቁመው።

በ1887 ጀርመን የዴንማርክ አሳማ በቁሙ እንዳይገባ ከለከለች። በዚያው ዓመት ሆርሰንስ ከተማ ውስጥ የገበሬዎች የጋራ ቄራ ተከፈተ፤ አሳማው ታርዶ፣ በጨው ታሽቶ ወደ እንግሊዝ ተጫነ።

ዕዳው ቆይቶ መጣ። አብዛኛውን ለአንድ ገዢ የሚሸጥ አገር የገዢውን ፊት እያየ ነው የሚያድረው። በ1932 እንግሊዝ በኦታዋ ጉባኤ ለቅኝ ግዛቶቿና ለአጋሮቿ ቅድሚያ ሰጠች፤ የዴንማርክም የአሳማ ሥጋ በኮታ ተወሰነ። በጥር 1933 የኮፐንሃገን ፖለቲከኞች ገበሬውን ለማዳን የገንዘባቸውን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ተስማሙ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ጥር 1 ቀን 1973፣ እንግሊዝ የአውሮፓን ማኅበረሰብ ስትቀላቀል ዴንማርክም በዚያው ዕለት ገባች።