ከወናፍ እስከ ተርባይን

የዛሬው ንግግራችን እሳት ስለሚችል ብረት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች እንደነበሩ እናውቃለን። ነገሩ በምርጫ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1414 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ከቤተ እስራኤል ጋር ከተዋጉ በኋላ፣ ሃይማኖቱን ያልለወጠ ሰው ርስቱን እንዲያጣ ተደረገ። ርስት ያጣ በእጁ ሥራ ያድራል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከእነርሱ እየገዛ፣ መልሶ «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል» ይላቸው ነበር። የእሳቱ ሥራ ላልገባው ሰው ጥበቡ አስማት መሰለው። በዚህ ስድብ የተነሳ ዛሬም «አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ» ለማለት የሚያፍር ወጣት አለ።

ቀጥቃጩ ግን ምን ያውቅ ነበር? ቴርሞሜትር የለውም፤ የብረቱን ሙቀት በቀለሙ ይለየዋል። ደብዛዛ ቀይ ወደ 700 ዲግሪ ነው፤ ቢጫ ሲሆን ከ1000 ያልፋል። የጋለ ብረት ለመዶሻ እንደሚታዘዝ፣ ውሃ ሲነከር እንደሚጠነክር፣ ከልክ በላይ ከጠነከረም እንደሚሰበር ያውቃል።

በሌላው ዓለም ሊቃውንትን ያስጨነቀውም ይኸው ጥያቄ ነበር። በ1937 እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል የመጀመሪያውን የጄት ሞተር ሲሞክር፣ የተርባይኑ ምላጮች እንደ ፍም እየጋሉ በኃይል መሽከርከር ነበረባቸው። ተራ ብረት በዚያ ሙቀት ቀስ በቀስ እየተለጠጠ ይሄድና ይበጠሳል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኒሞኒክ የተባለውን ቅይጥ ሠሩ። አብዛኛው ኒኬል ነው፤ ክሮሚየም ዝገትን ይከላከልለታል፤ ጥቂት ቲታኒየምና አሉሚኒየም ደግሞ በውስጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ፈጥረው እንዳይለጠጥ ይይዙታል። ከዚያ ወዲህ ምላጩን እንደ አንድ ክሪስታል አድርጎ ማፍሰስና በውስጡ የማቀዝቀዣ አየር ማሳለፍ ተቻለ። ስለዚህ ምላጩ ራሱ ከሚቀልጥበት ሙቀት በላይ በሆነ ጋዝ ውስጥ ሳይቀልጥ ይሠራል።

ይህ ከሚግዳል ሠፈር ሩቅ አይደለም። በአሽቀሎን ደቡብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የሩተንበርግ ጣቢያ በእንፋሎት ተርባይን፣ በ2014 የተመረቀው የዶራድ ጣቢያ ደግሞ በጋዝ ተርባይን መብራት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው።

አያቶቻችን ተርባይን ሠሩ አንልም። ነገር ግን ብረት በእሳት ውስጥ ምን እንደሚሆን መመርመር ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ማዕረግ የሚያሰጥ ትምህርት ነው፤ በወለቃ ግን ስድብ አትርፎ ነበር። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የትምህርት ዘርፍ ሲመርጥ ይህን ንገሩት። ወናፍና ጉጠት ይዘው የሠሩ አባቶችም በሕይወት ሳሉ ሙያቸውን ይንገሩን፤ እኛም እንጻፈው።