ከኢብን ሲና እስከ ካዛንቺስ፦ የስኳር ሕመምተኛና የእንጀራው ክርክር



ሰሞኑን በየስልካችን የሚዘዋወር አንድ ክርክር አለ። «የስኳር ሕመምተኛ እንጀራና ዳቦ እርግፍ አድርጎ ከተወ ይድናል» የሚሉ አሉ። «ጤፍ ምን ያደርጋል? አባቶቻችን በልተውት ነው የኖሩት» የሚሉም አሉ። ቪዲዮውን ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን የምናሳያቸው ደግሞ እኛ ወጣቶች ነን። ስለዚህ የክርክሩን ታሪክ ማወቅ ይገባናል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕመሙ ለሙስሊም ሐኪሞች እንግዳ አልነበረም። ኢብን ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ስለ እሱ ጽፏል። በዐረብኛ ከተሰጡት ስሞች አንዱ «ዱላብ» ነው፤ የውሃ መቅጃ መንኮራኩር ማለት ነው። ሰውየው የጠጣው ውሃ ወዲያው ስለሚወጣ ነው እንዲህ የተባለው። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚጠቅሱት፣ ኢብን ሲና ለዚህ ሕመም ካዘዛቸው ነገሮች መካከል ግብጦና አብሽ ይገኙበታል። ሁለቱም በአገራችን ገበያ የሚሸጡ ናቸው። በ1231 ያረፈው ዐብዱለጢፍ አል-በግዳዲም ስለዚሁ ሕመም ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። በምግብና በመድኃኒት ዙሪያ መነጋገር የኛም ሊቃውንት ወግ ነበር።

በአውሮፓ በ1776 ማቲው ዶብሰን በሕመምተኞች ሽንት ውስጥ ያለው ጣፋጭ ነገር ስኳር መሆኑን አሳየ። በ1797 ጆን ሮሎ የተባለ የብሪታንያ ጦር ሐኪም እህል ቀንሶ በብዛት ሥጋና ስብ የሚበላ ሕመምተኛ እንደተሻለው ጻፈ። ዛሬ «አዲስ ግኝት» እየተባለ የሚነገረው ምክር ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። በ1870 ፓሪስ በጦር ስትከበብ ምግብ ጠፋ፤ ቡሻርዳ የተባለው ሐኪም የስኳር ሕመምተኞቹ ሲሻላቸው አስተዋለ። በ1910ዎቹ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አለን ይህንኑ መንገድ እስከ ጥግ ወሰደው። ሕመምተኞቹን በረሃብ አከማቸው። የአንዳንዶቹ ዕድሜ ተራዘመ፤ ግን አጥንታቸው እስኪቆጠር ከሱ። ልጆቹን ከሞት ያወጣቸው ረሃቡ አልነበረም። በ1921 በቶሮንቶ የተገኘው ኢንሱሊን ነው። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን በወረራው ዘመን (1936–1941) ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው። ፉርኖ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ የምንላቸው ቃላትም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ዛሬ በቂርቆስ ጠዋት ፉርኖ በሻይ፣ ቀን ፓስታ በእንጀራ የሚበላው ብዙ ነው። አባቶቻችን እንጀራ በሉ ስንል፣ ይህን ሁሉ አብረው አልበሉም። ብዙዎቹም ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሲሄዱና ሲሠሩ ነው የሚውሉት።

ታዲያ ካርቦሃይድሬት ቀንሱ የሚሉት ትክክል ናቸው? በአንድ በኩል አዎ። እንጀራም ዳቦም ሩዝም በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣሉ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2019 ባወጣው የባለሙያዎች ሰነድ፣ የደም ስኳርን ለማሻሻል ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ጠንካራ ማስረጃ እንዳለው ገልጿል። ግን ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መጠን የለም ብሏል፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለኩላሊት ሕመምተኞችም ጥንቃቄ አክሏል። መቀነስ ማለትም ሥጋ ብቻ መብላት ማለት አይደለም። ቄራና ጎተራ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የቄራውን ሥጋ በየቀኑ መግዛት የሚችለው ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩን፣ ጎመኑንና እንቁላሉን ጨመር፣ ሻዩን ያለ ስኳር ማድረግም ራሱ ለውጥ ነው።

በሌላ በኩል፣ የእኛ አገር ታሪክ ቪዲዮዎቹ የማይነግሩን ነገር አለው። በባዕድ አገር የምናየው ምክር በአብዛኛው ለወፈሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በጎንደር ግን ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሕመምተኞች ቀጫጭን መሆናቸውን አሳዩ። የሕመሙ መነሻ ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ እንደሆነ እንደገና እንዲጠናም ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 መድቦት፣ በ1999 ሰርዞት ነበር። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ለእንዲህ ያለ የከሳ ሰው «ምግብ ተው» ማለት ሕመሙ ላይ ረሃብ መጨመር ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው መድኃኒቱ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው፣ መጠኑ ሳይስተካከል እህል ቢተው ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። «ምግቤን አስተካክያለሁ» ብሎ ኢንሱሊኑን ያቆመ የዓይነት 1 ሕመምተኛ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ረመዳን ላይ ይህ ይብሳል። በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ሙስሊም ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በረመዳን ከባድ የስኳር መውረድ በዓይነት 1 በ4.7 እጥፍ፣ በዓይነት 2 በ7.5 እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል። ለዚህ ነው ከረመዳን በፊት ሐኪም ጋር መሄድ የሚያስፈልገው። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ፆሙን መፍታት እንደሚገባ መመሪያዎቹ ይናገራሉ። አላህም በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ፆሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ይህ ፈቃድ ከጌታችን የተሰጠ እዝነት ነው። እናታችን «አልፈታም» ብላ ስትታገል፣ ዐሊሙንም ሐኪሙንም አጠገቧ ማምጣት የልጅ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮ ከመላካችን በፊት እንጠይቅ፦ ዓይነቱ ስንት ነው? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከስተዋል ወይስ ወፍረዋል? የኢፍጣሩን ማዕድ እኛ እናስተካክል፤ ሳምቡሳውን እንቀንስ፣ ቴምሩን ቆጥረን እናቅርብ። መድኃኒቱን ግን ለሐኪሙ እንተው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ሁሉ ይፈውስልን። አሚን።