ከኮርቻ እስከ ስፖርት መኪና፦ የቆዳ መቀመጫ አያያዝ ታሪክ

አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና ሲታደስ ከሞተሩ ክፍሎች አብዛኞቹ በልካቸው ተሠርተው ሊተኩ ይችላሉ። ፒስተኑ ይቀየራል፤ ሲሊንደሩ በማሽን ይስተካከላል፤ የዛገው ላሜራ ተቆርጦ በምትኩ አዲስ ይበየዳል። ከፋብሪካ እንደ ወጣ የቆየ የቆዳ መቀመጫ ግን አንድ ጊዜ ከተበላሸ፣ በልኩ ሌላ ቢሰፋለትም ያው አይሆንም። የሚያሳዝነው ደግሞ አያሌ መቀመጫዎች የሚበላሹት ባለቤታቸው በቅን ልቦና ሲንከባከባቸው መሆኑ ነው። ዘይት ይቀባቸዋል፤ በጠንካራ ሳሙና ያጥባቸዋል፤ ቆዳውን «ለመመገብ» ይደክማል። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የቆዳ ሥራን ታሪክ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመኪና መቀመጫ ሥራ የተወለደው ከኮርቻና ከሰረገላ ሥራ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1878 በለንደን የተቋቋመው የኮኖሊ ወንድማማቾች ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሥራውን የጀመረው በጫማና በፈረስ ዕቃ ሲሆን፣ ኋላ ለሮልስ ሮይስ፣ ለጃጓር፣ ለአስቶን ማርቲንና ለፌራሪ የመቀመጫ ቆዳ አቅራቢ ለመሆን በቅቷል። በመጀመሪያው ዘመን የፈረስ ዕቃ ይሠራ የነበረው ከዛፍ ቅርፊት በሚገኝ ታኒን ከለፋ ወፍራም ቆዳ ነው። ቆዳው ከለፋ በኋላ በሞራና በዓሣ ዘይት ይታሻል። ልጓሙና መጎተቻው ዝናብ ይመታዋል፤ የፈረሱ ላብ ይዘልቀዋል፤ ቅባቱ እየታጠበ ይወጣል፤ በደረቀም ጊዜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባልደራሱ ዕቃውን በሳሙና አጥቦ ከከብት ቅልጥምና ሰኮና በሚወጣ ዘይት በየጊዜው ማሸቱ ተገቢ ሥራ ነበር። ቆዳው ገጹ ያልተሸፈነ ስለ ነበር ዘይቱ ወደ ውስጥ መግባት ይችላል። በአገራችንም ቆዳ በእጅና በእግር ሲለፋ ቅባት የሚጨመርበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የቆዳው ቃጫዎች ሲደርቁ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ነው።

ፈረሱ ለሞተር ቦታውን ሲለቅ ባልደራሱ ሾፌር ሆነ፤ የዘይቱንም ቆርቆሮ ይዞ መጣ።

ቆዳው ግን በዚያው ዘመን መለወጥ ጀምሮ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ክናፕ የክሮሚየም ጨው ቆዳን ሊያለፋ እንደሚችል በ1858 ገልጿል። አውጉስጦስ ሹልትስ በ1884 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ቆዳውን በሁለት ማጥለቂያ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ማርቲን ዴኒስ በ1893 ሁለቱን ወደ አንድ አሳጠራቸው። በቅርፊት ሲለፋ ሳምንታትና ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ ቀናት ወረደ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ልዩነቱን ጉልህ የሚያደርገው የሙቀት ጉዳይ ነው። እርጥብ ቆዳ ቀስ በቀስ ሲሞቅ በድንገት የሚኮማተርበት የሙቀት ደረጃ አለው፤ ይህም በቅርፊት ለለፋ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በክሮም ለለፋ ደግሞ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ቆዳው ባረጀና በተጎዳ መጠን ደረጃው ወደ ታች ይወርዳል። አሮጌ መቀመጫን አርሶ ፀሐይ ላይ ማስጣት አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ ደረቅ ሆኖ የሚችለውን ሙቀት ረጥቦ አይችለውም።

ቀለምም የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። ዊልያም ፐርኪን በ1856 ከአኒሊን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ካገኘ ወዲህ ቆዳ ቀድሞ ባልታየ ድምቀት ይቀለም ጀመር። ድምቀቱ እንዲጠነክርም በማቅለሚያው ውኃ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ መጨመር ተለመደ። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች ላይ የነበሩ የቆዳ ልባሶች ወደ ቀይ ዱቄት ይለወጡ ጀመር። የለንደኑ የኪነ ጥበባት ማኅበር ምክንያቱን የሚያጣራ ኮሚቴ በ1900 አቋቁሞ፣ ሪፖርቱ በ1901 ሲቀርብ ከተወቀሱት ነገሮች መካከል ይኸው አሲድ፣ የጋዝ መብራት ጭስና አንዳንድ የታኒን ዓይነቶች ይገኙበታል። ጥናቱ የተደረገው ስለ መጻሕፍት ቢሆንም ለመቀመጫም ይሠራል። ጤናማ ቆዳ በተፈጥሮው ጥቂት አሲዳማ ነው። ከመጠን ያለፈ አሲድ ቃጫውን ይበላዋል፤ የልብስ ሳሙናና የወጥ ቤት ማጽጃ ደግሞ አልካላይን በመሆናቸው ማልፊያውንና ማቅለሚያውን ከቆዳው ያላቅቃሉ።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ የመጣው ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ለባሩድ ይመረት የነበረው ኒትሮሴሉሎስ በ1920ዎቹ የመኪና ቀለም ሆነ፤ የዱፖንት «ዱኮ» ላከር በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ የዋለውም ያን ጊዜ ነው። ይኸው ላከር ወደ ቆዳ ፋብሪካዎች ገባ። ቆዳው በማቅለሚያ ከተነከረ በኋላ ገጹ በፒግመንት ቀለም ይሸፈናል፤ በመጨረሻም ላከር ይረጭበታል። ጃጓር በማርች 1961 በጄኔቭ ኢ ታይፕን ለዓለም ሲያሳይ፣ በዚያ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሰውነቱ በቀጥታ የሚነካው ቆዳውን አልነበረም፤ ከወረቀት የሳሳ የቀለም ንጣፍን ነበር። ከዚህም ሌላ በዚያን ዘመን በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ቆዳ የሚሆነው ሰውነት የሚያርፍበት ፊት ብቻ ሲሆን፣ ጎኑና ጀርባው ቪኒል ነበር።

እንግዲህ የባልደራሱ ዘይት በዚህ ገጽ ላይ ሲፈስስ ምን ይሆናል? ንጣፉ ደኅና ከሆነ ዘይቱ አይገባም፤ ከላይ ተንሳፍፎ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራውም በተቀመጡ ቁጥር ንጣፉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ንጣፉ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በስንጥቁና በመርፌ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ክሩን ያበሰብሰዋል፤ በቆዳውና በቀለሙ መካከል ያለውን ትስስር ያላላል፤ ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝም ይጠቁራል፤ ይጣበቃል። ስንጥቁ ራሱ ከቅባት እጦት የመጣ አይደለም። ላከሩ ከዕድሜ ብዛት ማለስለሻውን አጥቶ ስለ ደረቀ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ሲታጠፍ አብሮት መታጠፍ አቅቶት ነው። የቆዳውም ዋነኛ ማለስለሻ ከአየሩ የሚያገኘው ርጥበት እንጂ ዘይት ብቻ አይደለም። ይህ ሁሉ እየታወቀ ኮኖሊ ራሱ ይሸጠው የነበረው ቅባት «የቆዳ ምግብ» የሚል ስም ነበረው፤ የፈረሱ ዘመን በቋንቋው ውስጥ የቱን ያህል እንደ ቆየ ከዚህ ይታያል። በእኔ አስተያየት ከቅባቱ ይልቅ የጎዳው ስሙ ነው፤ ምግብ የተባለውን ነገር ሰው አብዝቶ ይሰጣልና።

ከታሪኩ ወደ ሥራው ስንሻገር መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የገጹ ዓይነት ነው። በማይታይ ቦታ አንዲት የውኃ ጠብታ ይደረጋል። ቶሎ ገብታ ካጠቆረችው ቆዳው ያልተሸፈነ ነው፤ ወይም ንጣፉ አልቋል፤ እንዲህ ያለውን በእርጥብ ነገር ከመንካት መቆጠብ ይሻላል። ጠብታዋ ከላይ ከቆየች ንጣፉ አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አሸዋና አቧራ ከስፌቱ ውስጥ ሳይቀር በለስላሳ ብሩሽና በአየር መሳቢያ ይወገዳል፤ ይህን ዘልሎ ወደ ማሸት የሚሄድ ሰው ቀለሙን በገዛ እጁ ይፍቀዋል። ለቆዳ የተዘጋጀ አልካላይን ያልሆነ ማጽጃ በጥቂት ውኃ ተመትቶ አረፋው ብቻ ይወሰዳል። አንድ ክንድ በማይሞላ ስፋት እየተሠራ፣ ቆሻሻው የተፈታበት አረፋ ወዲያው በተጨመቀ ጨርቅ ይነሣል። ጨርቁ ላይ የሚታየው ቡናማ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ የመቀመጫው ቀለም ከሆነ ግን ሥራው በዚያው መቆም አለበት። አሴቶንና ቲነር ፈጽሞ አይነኩትም፤ ኒትሮሴሉሎስ በእነርሱ ይሟሟል። ማድረቁ በጥላና በነፋሻ ቦታ ነው።

ቅባትን በሚመለከት፣ ከውኃ ጋር የተዋሐደ ስስ ክሬም በጨርቅ ተቀብቶ ትርፉ ከተወለወለ ይበቃል። ጥቅሙም በአብዛኛው ልብስ ከንጣፉ ጋር ሲፋተግ የሚደርሰውን ጉዳት መቀነስ ነው። ቪኒሉ ከዚህ ክሬም የሚያገኘው ነገር የለም፤ ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል።

የኢ ታይፕ ምርት በ1974 ሲያበቃ ከ70,000 በላይ መኪኖች ተሠርተው ነበር። ኮኖሊም የቆዳ ፋብሪካውን በ2002 ዘጋ። ዛሬ ለእድሳት የሚሸጡት ቀለሞች በአብዛኛው በውኃ የሚበጠበጡ የአክሪሊክና የፖሊዩሬቴን ዓይነቶች ናቸው። በአሮጌው ላከር ላይ እንዲይዙ ገጹ አስቀድሞ መፋቅ አለበት፤ ሲፋቅም የቀድሞው ገጽ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስንጥቁ ቆዳው ድረስ ካልዘለቀ በቀር መቀባቱን ማዘግየት ይመረጣል። መቀባት ግድ በሚሆንበት ጊዜም ከመቀመጫው ሥር ወይም ከስፌቱ እጥፋት ውስጥ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳትነካ ትተው፤ የፋብሪካው ቀለም ምን እንደ ነበር ለሚቀጥለው ሠራተኛ የምታስረዳው እርስዋ ናት።