ካታንጋ ላይ የቆምን ሰዎች

የኢዮቤልዩ መጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ አገራችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲለኝ ትንሽ ደነገጥኩ። እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ትምህርቴም 12ኛ ክፍል ላይ አብቅቷል። ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ የተማሩት ይጻፉ። እኔ በደንብ የማውቀው ታሪክ ቢኖር የኳስ ሜዳውን ነው፤ እሱንም የማውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ነው። እዚህ ሐርጌሳ የተወለዱ ልጆቻችን የአርሴናልንና የማንቸስተርን ተጫዋች ስም በቃላቸው ይዘረዝራሉ። አባቶቻቸው በየእሑዱ የት ይውሉ እንደነበር ግን ማንም አልነገራቸውም።

እግር ኳሳችን ክለብ ሆኖ የቆመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ ሰፈር መሠረቱት። ወሩን ልብ በሉልኝ! ጣሊያን በሰሜን በኩል ገብቶ ጦርነቱ እየተፋፋመ ነው፤ አዲስ አበባ ልትያዝ የቀሯት ጥቂት ወራት ናቸው። በዚያ ሰዓት ኳስ ክለብ ማቋቋም ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን አይመስለኝም። ጠላት ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ የክለቡንም ስም ለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው። የሰፈሩ ልጅ ግን በጓዳው የሚጠራው በድሮ ስሙ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተደረገው ሻምፒዮና ለእኛ ለስደተኞቹ ልዩ ትርጉም አለው። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች ሲሆን አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ከአምስቱ ሦስቱ እንደኛ ያሉ፣ በሰው አገር ሱቅና ጋራዥ ከፍተው ልጅ የሚያሳድጉ የኮሙኒቲ ሰዎች ቡድኖች ናቸው ማለት ነው። አርመኑ ነጋዴ ሳምንቱን ሙሉ ከአራዳ ሰው ጋር ሲገበያይ ይሰነብትና በጨዋታው ቀን ወዲያና ወዲህ ማዶ ሆነው ይጯጯሃሉ። በማግስቱ ደግሞ ዕቃ በዱቤ ይሰጠዋል። ይህን ሳስብ የራሴ የዱቤ ደብተር ትዝ ይለኛል።

እዚህ ያለን ብዙዎቻችን በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል የመጣን የምሥራቅ ሰዎች ስለሆንን ድሬዳዋን ሳላነሳ ባልፍ የሚቀየሙኝ አሉ፤ እውነትም አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ድረስ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮንነት ከድሬዳዋ አልወጣም! አራቱን ጊዜ ጥጥ ፋብሪካ፣ ሁለቱን ጊዜ ኢትዮ ሲሚንቶ ወሰዱት። የአንድ ከተማ ሁለት ፋብሪካዎች፣ በአንድ የመጋላ ገበያ የሚገበያዩ ሠራተኞች፣ የአገሪቱን ዋንጫ እንደ ጎረቤት ወንፊት እየተዋዋሱ ያዙት። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ወሬ ይለውጣል። ጥጥ ፋብሪካ በዚያ አላበቃም፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ሲደረግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በማሊው ስታድ ማሊያን ነው የተሸነፈው። በ1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲዘጋጅም አንዱ ምድብ ለድሬዳዋ ደረሰ። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር እዚያው ተጫወቱ፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም መንገዷን የጀመረችው ከድሬ ሜዳ ነው። ከሱቄ ስኳር የሚገዙ አንድ የሐርጌሳ ሽማግሌ አሉ፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ይሠሩ ነበር። ያንን ጊዜ ሲያነሱ አማርኛቸው ራሱ ይታደሳል።

የ1954ቱን ድል ሁሉም ስለሚያውቀው አላበዛውም። ጥር 13 ቀን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰድን፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም፤ አጎቴ ግን ስታዲየም ውስጥ ነበር። እኔንም በ1974 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ይዞ የወሰደኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ስታዲየሙ እንግባ። ለገሃርን አልፎ፣ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ስታዲየም ከውጭ ሲታይ ዙሪያውን ሱቅና ምግብ ቤት ነበር። ውስጡ ግን ራሱን የቻለ አገር ነበር፤ እያንዳንዱ ቦታ ስም ነበረው። ጣሪያ ያለው «ጥላ ፎቅ» ይባላል፤ ኮት የለበሰ ሰው የሚቀመጥበት ነው። ከዚያ ውጭ ሚስማር ተራ አለ፣ ከማን አንሼ አለ፣ ካታንጋ አለ። ካታንጋ የኮንጎ ክፍለ ሀገር ስም ነበር፤ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሥር የዘመቱት ኮንጎ ነው። ጣሪያ አልነበረም፣ ወንበር አልነበረም፤ የነበረው የሲሚንቶ ደረጃ ብቻ ነበር። ፀሐዩም ዝናቡም የራስህ ነው።

ደረጃው ላይ የሚቀመጥበትን ሰው ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ካርቶን፣ አንዱ አዲስ ዘመን ጋዜጣ። (አዲስ ዘመን ሁለት አገልግሎት ነበረው፤ ከጨዋታው በፊት ይነበባል፣ ሲጀመር ይነጠፋል።) ግን መቀመጡ ለይምሰል ነው። ኳሷ ግብ አካባቢ ስትደርስ ከፊት ያለው ይነሳል፤ እሱ ከተነሳ ከኋላው ያለው መነሳት ግዴታው ነው፤ ከዚያ «ተቀመጥ! ተቀመጥ!» የሚል ጩኸት ከላይ ይወርዳል፤ ማንም አይቀመጥም። ዘጠና ደቂቃ እንዲህ ቆመን እናልቅ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጩኸቱ «ጃንጥላ ዝቅ!» ይሆናል፤ ስለዚህ ጃንጥላ ያለውም የሌለውም እኩል ይበሰብሳል። ቆሎና ለውዝ የሚሸጡ ልጆች በዚያ ሁሉ እግር መሃል እንዴት እንደሚያልፉ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሒሳቡ ከእጅ ወደ እጅ አሥር ሰው አልፎ ይደርሳቸዋል፤ መልሱም በዚያው መንገድ አሥር ሰው አልፎ ይመጣል። አንድ ሳንቲም ጎድሎብኝ አያውቅም። ባለሱቅ ስለሆንኩ ይህን ማስታወሴ አይግረማችሁ።

ፉክክሩ የጊዮርጊስና የቡና ነበር። ቡና የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ቡና ገበያ ይባል ነበር። ከጊዮርጊስ ጋር ሲተያይ ልጅ ነው፤ ልጅ ስለሆነም ነው መሰለኝ ደጋፊው ጉልበተኛ የሆነው። እኔ የቡና ነኝ፤ አልደብቅም። አጎቴ የጊዮርጊስ ነበር፤ እሱም አይደብቅም ነበር። በደርግ ጊዜ የቅዱስ ስም ይዞ መጫወት አልተመቸም፤ ስለዚህ ጊዮርጊስ በፋብሪካው ስም «ቢራ» ተባለ። እንግዲህ ፉክክሩ የቢራና የቡና ሆነ ማለት ነው! አጎቴ ግን አንድም ቀን «ቢራ» ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሳንጆርጅ» ነው የሚለው። (እዚህ ሐርጌሳ ቢራ ክልክል ስለሆነ፣ ቢያንስ በዚህ ከተማ ቡና አሸንፏል እላለሁ፤ የጊዮርጊስ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።)

የሁለቱ ጨዋታ ያለ ቀን በራችን ላይ ሰላምታ አልነበረም። አጎቴና እኔ ከቤት አብረን እንወጣለን፣ አንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ለገሃር እንወርዳለን፣ በር ላይ ስንደርስ «በል ደህና ሁን» ተባብለን እንለያያለን። ቡናማና ቢጫው ወደ ወገኑ፣ ጊዮርጊስ ወደ ወገኑ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ለሁለት የተከፈለ ከተማ ነው፤ ይህ ወገን ሲዘፍን ያኛው ዝም አይልም። ስድቡን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ መጽሔቱን ልጆች ያነቡታል። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ዳኛው ሌባ መሆኑ ብቻ ነው። ድንጋይ የተወረወረበትና ሰው የተፈነከተበት ቀንም ነበር፤ የፈረሰኛ ፖሊስ ዱላም ቀምሰናል። ትዝታ ጣፋጭ ነው ብዬ ይህን ብሸፍነው ታሪክ ጻፍኩ አይባልም። ግን ጨዋታው ሲያልቅ አጎቴ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የተሸነፈው ወገን ሻይ ይጋበዛል፤ ደንባችን ያ ነበር።

ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ግን መለያየት አልነበረም። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ለፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ወጥተን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፍን። እኔና አጎቴ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወገን ቆምን። ቅጣት ምቱ ሲመታ አንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር፤ ማየት አቅቶት። ስታዲየም መግባት ያልቻለው ሕዝብ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ በሬዲዮ ተከታተለው። ሌሊቱን ከተማው አልተኛም። ዘመኑን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጦርነት ነበር፣ ከየቤቱ ልጅ እየሄደ የማይመለስበት ጊዜ ነበር። እንዲያ ዓይነት ደስታ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ቡናም ቀኑ ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1998 የግብፁን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አስወጣ፤ አል አህሊን! በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ በላ። ያን ጊዜ እኔ ሐርጌሳ ነበርኩ። ዜናውን የነገረኝ ስልክ የደወለልኝ አጎቴ ነው፤ ያውም ሻይ የሚጋበዘው እሱ መሆኑን አስታውሶ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ካታንጋ ሙሉ ነበር፤ እኛ እዚህ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተጨናንቀን አየነው። ያም ቆመን ነበር፤ ወንበር አልበቃንም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ብዙ ደስ አይልም። በ2010ና በ2011 ዓ.ም. የሜዳ ፉክክር ከማልያ ቀለም ወደ ብሔር ዞረ። አንዳንድ ክለቦች ደጋፊያቸው ተጋጭቶ በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት ደረሱ። የእኔና የአጎቴ ዓይነት ጠብ በር ላይ ይጀመርና በር ላይ ያልቅ ነበር፤ ይሄኛው ግን ቤት ድረስ ይከተላል። ቀጥሎ ኮሮና መጣና የ2012ቱ ውድድር ተሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ በጥቂት ከተሞች ተሰባስቦ ለቴሌቪዥን መጫወት ጀመረ። ስታዲየማችንም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ አላሟላም ተብሎ ተከለከለ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው የተደረገው የት ይመስላችኋል? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! በወረቀት ላይ አስተናጋጆቹ እኛ ነበርን። ጃንሆይ ዋንጫ በሰጡበት ከተማ አይደለም፣ ባሕር ዳር አይደለም፣ ማላዊ። ቡድኑም እንደኛው ስደተኛ ሆነ አልኩ ያን ቀን ለደንበኞቼ።

የሐርጌሳ ወዳጆቻችን ይህን ስሜት ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። አገራቸው የፊፋ አባል ስላልሆነች ቡድናቸው በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአብካዚያ በተደረገው የኮኒፋ ውድድር ሲካፈሉ ግን የሠፈሬ ልጆች የዓለም ዋንጫ የገቡ ያህል ነበር የጨፈሩት። የክልሎች ውድድር ሲመጣም ሐርጌሳ ስታዲየም ሄዳችሁ እዩ፤ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው፣ ዳኛውም ሌባ ነው። ቋንቋው ሌላ ይሁን እንጂ ጩኸቱን አውቀዋለሁ። ልጆቼን አንድ ሁለት ጊዜ ይዤ ሄጃለሁ። ትንሹ «አባባ፣ ለምን አይቀመጡም?» አለኝ። ፊት ያለው ስለቆመ ነው አልኩት።

አጎቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከዕቃዎቹ መሃል የ1980ው የፍጻሜ ጨዋታ ትኬት ቁራጭ ተገኝቶ ተልኮልኛል፤ ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ሰጥቼ መስታወት ገብቶለታል። እናንተም ጋ የድሮ ትኬት፣ ማልያ፣ ወይም ካታንጋ ላይ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ካለ አምጡልን። ከድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ዘመን የሆነ ነገር ያለው ሰው ከተገኘ ደግሞ ከሁሉም በላይ እሱን ነው የምንፈልገው። የጊዮርጊስ ሰዎችም ብታመጡ እንቀበላለን።