ዝማሬ መዋሥዕት ከጉባኤ ቤት እስከ ሸክላ

በራያ ቆላ፣ በቆቦ ሜዳ ክርስቲያን ሲሞት ካህናቱ በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዓት ፍትሐት ያደርሱለታል፤ በአርባው ደግሞ ቅዳሴ ይቀደስለታል። የሞት ጸሎትና የቁርባን ዜማ በቤተ ክርስቲያናችን ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው። ሙታን የሚታሰቡበት መዋሥዕትና ከቁርባን ጋር የሚዜመው ዝማሬ በአንድ ጉባኤ ይሰጣሉ፤ ማስመስከሪያቸውም ጋይንት ያለው ዙር አምባ ነው። ዝማሬው ራሱ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር ተብሎ በ5 ይከፈላል። ቅዳሴው ግን ሌላ ቤት አለው። ከሁለቱ ታላላቅ ስልቶች አንዱ የትግራዩ ደብረ ዓባይ፣ ሌላው የወሎው ሰለልኩላ ነው።

ዜማው የሚጻፈው በምልክት ነው። ትውፊት የእነዚህን የዜማ ምልክቶች ሥራ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ምልክቱ ለማያውቀው አይዘምርም፤ ከመምህር አፍ የሰማውን ሰው ያስታውሳል እንጂ። ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብጽ የገባው ፈረንሳዊው ቪሎቶ ካይሮ ካገኛቸው ካህናት የሰማውን በአውሮፓ ኖታ ሲጽፍ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ጉባኤውን አላየም።

ድምፁ ራሱ ለዓለም የደረሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም የመሣሪያዎች ኃላፊ ጂን ጄንኪንስ የቀረጸችው የቤተ ክርስቲያን ዜማ በዩኔስኮ ስብስብ በሸክላ ወጣ። የሸክላ አንድ ገጽ ግን ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ማኅሌት አይበቃውም። ስለዚህ ቀራጭ ሁሉ ቆርጦ ያስቀራል፤ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። ለእኔ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዝማሬ ያለ ቅዳሴው፣ መዋሥዕትም ያለ ፍትሐቱ ሲሰማ ቦታውን ያጣል።

የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ሸለሜይ ይህን ተረድታለች። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከሊቁ ብርሃኑ መኮንን ጋር ሠርታ፣ ከፒተር ጄፍሪ ጋር ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በ3 ቅጽ ያሳተመችው ሥራ ከ500 በላይ ምልክቶችን ከነድምፃቸው ያስረዳል። ብርሃኑ መኮንን ባይዘምሩ መዝገቡ ዝም ባለ ነበር። ሆኖም ያ የአንድ ከተማና የአንድ ሊቅ ምስክርነት ነው። የሰለልኩላና የደብረ ዓባይ ቀዳስያን አንዱን የቅዳሴ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጡ ቢቀረጹ፣ ሁለቱ የት እንደሚለያዩ ከጽሑፍ ብቻ የማናገኘውን መልስ በጆሮ እናገኘዋለን።