ለተማሪው ማን ይናገርለት ነበር?

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አገራችን ታሪክ አንድ ነገር እንድንጽፍ ተጠይቀን የዘንድሮው የመረጥነው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ይኸውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ታሪክ ነው። ነገር ግን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሾና ማሽላ እየሸጠ ልጁን ደብረ ብርሃን ወይም ወሎ ዩኒቨርሲቲ የላከ አባል በየመንደራችን አለ። ልጁ አውቶቡስ ሲሳፈር ደግሞ «ማኅበር ምናምን ውስጥ እንዳትገባ!» ብሎ የማይመክር ወላጅ ጥቂት ነው። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ምክንያቱንም ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን ይመሩት የነበሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት የኢየሱሳውያን ካህን ነበሩ። ተማሪው ጥቂት ነበር፤ አዳሪም ስለ ነበረ የሚበላውም የሚተኛበትም ከኮሌጁ ነው። ታዲያ አንድ ላይ የሚበላና አንድ ላይ የሚያድር ሰው የጋራ ነገር ይኖረዋልና ተማሪዎቹ ተወካይ መምረጥ ጀመሩ። ስለ ወጡ፣ ስለ መኝታው፣ ከትምህርት ስለሚባረረው ልጅ ከአስተዳደሩ ጋር የሚነጋገር ሰው ያስፈልግ ነበር። የእኛን ዕድር አስቡት፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዋጮ አለው፣ አንዱ ሲቸገር ሁሉም ይቆማል። የተማሪው ማኅበርም አጀማመሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ ተማሪዎቹ ለሙከራው ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ። በዓመቱ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዳሪነቱ ነገር ተቋረጠ። የአዲስ አበባ ልጅ እናቱ ቤት ይበላል። ከአገር ቤት የመጣው ግን ቤት ተከራይቶ፣ ምግብ ፈልጎ መማር ሊኖርበት ነው። የማኅበሩ ጉዳይ ከወጥ ቤት አልፎ «ድሃ የሚማረው እንዴት ነው?» ወደሚለው የገባው በዚህን ጊዜ ይመስለናል።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ እንዲያገለግል፣ አብዛኛውን ጊዜም እንዲያስተምር ተደረገ። የከተማው ልጅ ገበሬውን ያወቀው በዚህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ የሚባለውን በመጽሐፍ ያነበበው በዓይኑ አየ።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. በየካቲት ወር የመሬት ተከራይና አከራይ ሕግ በፓርላማ ሲቀርብ ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ!» ብለው ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። በሚቀጥለው በ1958 ዓ.ም. ለማኞች ተለቅመው ሾላ በሚባለው ሰፈር በአስከፊ ሁኔታ መታጎራቸውን ሰሙና «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሌላ ሰልፍ አደረጉ። ልብ አድርጉ፤ ሁለቱም ጥያቄዎች የተማሪው የራሱ አይደሉም። በየካምፓሱ የነበሩት ማኅበራት ተባብረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው። ጋዜጣቸውም «ስትራግል» ይባል ነበር፤ ትግል ማለት ነው። ማኅበሩም ጋዜጣውም ሲታገድ፣ እንደገና ሲፈቀድ፣ ደግሞ ሲታገድ ኖረ። በ1961 ዓ.ም. ትምህርት ለድሃው ልጅ እንዲዳረስ ጠይቀው ብዙዎቹ ታሰሩ።

አሁን የዕድር ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ላይ ደርሰናል።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ጥላሁን ግዛው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ባለፈው ዓመት ተወዳድሮ በመኰንን ቢሻው ተሸንፎ የነበረ ሰው ነው፤ ተሸነፍኩ ብሎ አልቀረም፣ ባመቱ ተመልሶ አሸነፈ። የማይጨው ተወላጅ፣ የባላባት ልጅ ነበር። የባላባት ልጅ ሆኖ መሬት ላራሹ ማለት ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነበር፤ ለእኛ ግን ያን ያህል አይደንቀንም፣ ቤቱ ያለውን ነገር የሚያውቀው የቤቱ ልጅ ነውና። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በስድስት ኪሎ አካባቢ በመንገድ ሲሄድ በጥይት ተገደለ። ተማሪው ገዳዩ የመንግሥት ጸጥታ ነው አለ። መንግሥት አይደለሁም አለ።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ሬሳውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ማለት ዛሬ የካቲት 12 ከሚባለው፣ አውጥተው ወደ ግቢያቸው ወሰዱት። ሐሳባቸው መሪያቸውን በክብር አልቅሰው ለመሸኘት ነበር። የክቡር ዘበኛ ወታደር ግቢውን ሰብሮ ገባ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ተማሪ ሞተ፣ ተማሪ ቆሰለ፣ ሬሳውም በኃይል ተወሰደ። ቀብሩ ማይጨው ተፈጸመ። ሬሳ ከለቀስተኛ እጅ መንጠቅ በአገራችን ባህል ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ ለዕድር አባል ማስረዳት አያሻም። በይፋት እስላሙም ክርስቲያኑም ለቀብር ሲሉ ጠብን ያቆማሉ። ብዙ ሰው በዚያ መንግሥት ላይ ልቡ የሸፈተው በመሬት ጥያቄ ነው ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው፣ ግን ያ ቀን ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከዚያ የ1965ቱ የወሎ ረኃብ መጣ። ይህን እኛም በልጅነታችን እናስታውሳለን። የደሴው አውራ ጎዳና ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፍ ስለ ሆነ ከካራቆሬ በኩል እየተጎተተ የሚመጣው ሰው ዓይናችን ሥር ነበር። መንግሥት ነገሩን ሲሸፍን መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ። ተማሪዎቹም ቁርሳቸውን ትተው ገንዘቡ ለተራበው እንዲሆን ወሰኑ። እነዚያው ስለ ወጥ ይከራከሩ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው ማለት ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ደርግ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፤ ዘመቻው የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። «መሬት ላራሹ» ከተባለ ልክ አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ሲመለስ ጠያቂው ጠፋ። ነጻ የተማሪ ማኅበር የሚባል ነገር አልተፈቀደም፤ ከዚያ ትውልድ ብዙው በቀይ ሽብር አለቀ። «ማኅበር ምናምን» የሚለው ምክር የተወለደው በዚህን ጊዜ ነው፤ ያማከሩትም ሬሳ ያጡ ወላጆች ናቸው። ያኔ ስንት ቤት ያለ ድንኳን፣ ያለ ጥሩምባ፣ ድምፁን አፍኖ እንዳለቀሰ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደገና ተነሡ። የጠየቁት የሥልጣን ጉዳይ አልነበረም፤ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን፣ ጋዜጣችን ይታተም የሚል ነበር። ይህም በሰው ሞትና በብዙ እስራት ተቋጨ፤ ከተማሪዎቹም ወደ ኬንያ የተሰደዱ አሉ።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት የሚባል አለ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የቅርባችን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ። እንደ ጥንቱ መንግሥት የሚያስደነግጥ አይደለም፤ አንዳንዱም የአስተዳደሩ አፍ ነው እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱም ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ሥራው ግን አለ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ወጪ ይጋራል፤ ተመርቆ የሚከፍለው ዕዳ ነውና ስለሚበላው የመጠየቅ መብት አለው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት 22 ብር ሲመደብ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ22 ብር ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ሽሮ አይገኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጅ የምትልኩ አባሎች፣ ልጃችሁ ግቢ እንደ ገባ የዶርሙ ተወካይ ማን እንደ ሆነና የኅብረቱ ቢሮ የት እንደ ሆነ ይጠይቅ። ቢታመም፣ ምግቡ ቢበላሽ፣ በዲሲፕሊን ቢከሰስ መጀመሪያ የሚያመለክተው እዚያ ነው። አቤቱታውንም በጽሑፍ አድርጎ ቅጂውን ይያዝ፤ ይህን እንኳ ከመዝገብ ቤት ሥራችን እናውቀዋለን።